በስክሪን የታየ እግር

ተማሪዎቿ በሌለችበት «ቴርሞሜትር» ይሏታል። ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት ስትሠራ የእጇን ጀርባ ግንባር ላይ አሳርፋ ትኩሳቱን ከነነጥቡ ትናገር ስለነበር ስሙ ያለቦታው አልወጣላትም። ታውቃለች፤ ቅርም አይላትም።

ቅር ያላት ሌላ ነው። የነርስ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ጠርቶ ሕመምተኛን በቪዲዮ መከታተልን የምታስተምሪው አንቺ ነሽ አላት። ሳይነኩ ምን ነርስነት አለ ብላ ብትከራከርም ሰሚ አላገኘችም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ካሜራውን ከዓይናችሁ ትክክል አድርጉ፣ መብራት ከኋላችሁ አይሁን እያለች ከመመሪያው ስታነብላቸው ከረመች። ልቧ ግን እዚያ አልነበረም።

ለልምምድ ሕመምተኛ የሚሆን ሰው ሲጠፋ ታላቅ እህቷን ለመነች። እህቷ ሥራ ያቆመች ልብስ ሰፊ ናት፤ ጨዋታ ካገኘች ምሳዋን ትረሳለች።

በቀጠሮው ቀን እህቷ ከሳሎኗ ሆና በትልቁ ስክሪን ብቅ አለች። ተማሪዎቹ ተራ በተራ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግቧ፣ ስለ መድኃኒቷ ጠየቋት። ለሁሉም ደህና ነኝ አለች። ተራው ክፍል ውስጥ ድምፅዋ ተሰምቶ ለማያውቅ አንዲት ዓይናፋር ልጅ ደረሰ። ልጅቷ የጥያቄ ወረቀቷን አጠፈችው።

«እማማ፣ ሲያወሩ ትንፋሽ ያጥርዎታል ልበል?»

«እርጅና ነዋ፣ ልጄ።»

«እስቲ እግርዎን ያሳዩኝ።»

ሴትየዋ እየሳቀች ስልኩን ወደ ታች አዞረችው። ያደረገችው የሟች ባሏን ነጠላ ጫማ ነበር፤ የራሷ አልገባ ብሏታል። ልጅቷ፣ ሴትየዋ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ እንድትይዝ ነግራት እስከ አምስት ቆጠረች። ጣቷ ሲነሳ ያበጠው እግር ላይ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

ቴርሞሜትር ክው አለች። በየሳምንቱ እዚያው ሳሎን ስትስቅ ትውላለች፤ እንደ እህት እንጂ እንደ ነርስ አይታት አታውቅም።

«እትዬ፣ ከተቀመጥሽበት እንዳትነሺ፤ መጣሁ» አለችና ወደ ልጅቷ ዞረች። «አንቺ መስመሩን አታቋርጪ። እስክደርስ አዋሪያት።»

ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀባት። ደርሳ በሩን ስትከፍት እህቷ ለልጅቷ የቁልፍ ቀዳዳ አሰፋፍ እያስረዳች ነበር።

ሆስፒታል ይዛት ሄደች። ሐኪሞቹ ልቧ ደክሞ ሳንባዋ ውኃ መቋጠር ጀምሯል አሉ። ጥቂት ብትቆይ ኖሮ ነገሩ ይከፋ ነበር። ዘጠኝ ቀን ተኝታ፣ በየጠዋቱ የምትውጠው መድኃኒት ታዞላት ወጣች።

ቴርሞሜትር ልጅቷን ለብቻዋ ጠርታ እንዴት እንዳወቀች ጠየቀቻት።

«እናቴ ሩቅ አገር ነው የምትሠራው፣ ሲስተር» አለች ልጅቷ። «አሥር ዓመት ያሳደገችኝ በስልክ ነው። ደህና ነኝ ስትለኝ፣ ደህና የማትሆንበትን ቀን ከትንፋሿ እለያለሁ።»

ቴርሞሜትር በማግስቱ መመሪያውን ዘግታ ልጅቷን ከተማሪዎቹ ፊት አቆመቻትና፣ ሰው እንዴት እንደሚደመጥ አስረጂን አለቻት። ልጅቷ አቀርቅራ በሹክሹክታ ጀመረች። መምህርቷም ወንበሯን ስባ ተጠጋችና እስክሪብቶዋን አወጣች።