ዳገቱ ጫፍ ላይ የምትፈላው መኪና

ጋሽ ሚዛን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የገበያ ሚዛን ተቆጣጣሪ ነበር። ስሙን ያወጡለት ነጋዴዎች ናቸው፤ በፍቅር አይደለም። አንዲት ግራም ለጎደለች የብረት ክብደት ሱቅ አሽጎ የሚሄድ ሰው ነበር ይላሉ። የለካውን ደግሞ አይለካም፣ የተናገረውን አያጥፍም። እኔ ግን የማውቀው በመኪናው ነው። ሰውን በመኪናው ያወቀ ሁሉንም አወቀ ብዬ አምን ነበር፤ እኛ መካኒኮች እንዲህ ያለ ትዕቢት አለብን።

መኪናዋ የአባቱ ነበረች። አባትየው ሲሞቱ አንድ ቤትና አንድ መኪና ለሁለት ልጆች፣ ለእሱና ለታናሽ እህቱ ትተው አለፉ። ሕፃን እንኳ የሚያካፍለው ነው። ጋሽ ሚዛን ግን ሜትር አውጥቶ ቤቱን፣ ግቢውን፣ የአጥሩን ውፍረት ሳይቀር መለካት ጀመረ። እህቱ ከለቅሶው ገና ዓይኗ አልደረቀም። “አባታችንን ስንት ኪሎ አገኘኸው?” አለችው። እሱም መኪናዋን አስነስቶ “ሁለተኛ ደጅሽን አልረግጥም” ብሎ ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ዘግይቼ፣ ጥፋቱን ካጠፋሁ በኋላ ነው።

መኪናዋ ግን አልማለችም። በየቅዳሜው ዳገቱን ስትወጣ ውሃዋ ይፈላና፣ ከጎረቤቱ ሁሉ መርጣ ልክ እህትየው በር ላይ ትቆማለች። ውሃ ደግሞ ለጠላትም አይነፈግም። እህትየው በጆግ ይዛ ትወጣለች፤ እሱ ኮፈኑን ይከፍታል። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ የት ይቁም? በሩ ፊት ለፊት ቦዩ ላይ የተነጠፈ ሲሚንቶ አለ። ጋሽ ሚዛን ለክቶ እንዳረጋገጠው ሲሚንቶው የማዘጋጃ ቤት ነው፤ የእህቱ ደጅ የሚጀምረው ከዚያ አንድ ስንዝር አልፎ ነው። ስለዚህ እሱ ሲሚንቶው ላይ ይቆማል፣ እሷ ከስንዝሩ ወዲያ ዱካ ላይ ትቀመጣለች። እርስ በርስ አይነጋገሩም። እሷ ለኮፈኑ “ዛሬ ደግሞ ብሶባታል” ትላለች። እሱ ለጎማው “ሲያረጁ ጉልበት ይከዳል” ይመልሳል። በዚህ መልክ እሱ የእሷን ስኳር፣ እሷ የእሱን ጉልበት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተከታትለዋል።

አንድ ቅዳሜ ግን መኪናዋ እዚያ ሳትደርስ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ የኔ ጋራዥ በር ላይ በእንፋሎት ታፍና ቆመች። ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ። ፓምፑን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ያንቋርራል፤ ውሃ ፓምፑ ግን ወይ ፍንክች። ድሮ ቀዝቀዝ ሲል እየዞረ፣ ሲግል እየያዘው ዳገቱን ያስጨርሳት ነበር፤ አሁን ጭራሹን ተጣብቋል።

“ትንሽ ታዞርልኝና እስከ ዳገቱ ጫፍ ታድርሰኝ፤ ሌላ አልጠይቅህም” አለኝ ጋሽ ሚዛን።

ስስት መሰለኝ። እኔ ደግሞ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ የምል ሰው ነኝ፤ ደካማ ሥራ ከእጄ አይወጣም። እሱን አሮጌ ጎማ ላይ አስቀመጥኩትና ራዲያተሩን አራገፍኩ፣ ማራገቢያውን ቬንትሌተር ፈታሁ። ከፓምፑ አራት ቡሎኖች ሦስቱ በሰላም ወጡ። አራተኛውን ናፍጣ አጠጥቼ፣ በመዶሻ እየኮረኮርኩ፣ እናቱን ሳልሰድብ አወጣሁት፤ ሽማግሌ አጠገቤ ስለነበረ ነው። አሮጌው ፓምፕ ኩሽኔታው ዝጎ ከዘንጉ ጋር አንድ ሆኗል። በሁለት እጄ ላዞረው ብታገል እንደ ባለቤቱ ቃል ነው፣ አይታጠፍም።

ለመኪናዋ የሚሆን ፓምፕ ፋብሪካው መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ከመጋዘኔ ጥግ፣ ለክፉ ቀን በጨርቅ ጠቅልዬ ያኖርኩት ያልተነካ አንድ ነበረኝ፤ አወጣሁት። ውሃ እንዳያፈስ መሃል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ከወፍራም ወረቀት በመቀስ ቀድጄ፣ ቅባት ቀብቼ ገጠምኩ። ጋሽ ሚዛን በየአምስት ደቂቃው ሰዓቱን ያያል። አይዞህ ጋሼ፣ ከእንግዲህ ውሃ አትለምንም አልኩት። ፊቱ ጥቁር አለ። ምስጋና አያውቅም ብዬ ቅር አለኝ።

ልሞክራት ብዬ እኔ መሪ ያዝኩ፣ እሱ ጎኔ ተቀመጠ። ዳገቱን እንደ ወጣት ወጣችው። የሙቀት መለኪያዋ መርፌ መሃል ላይ ተተክላ ቀረች፤ እኔም ለመርፌዋ ፈገግ እላለሁ። ጫፉ ላይ አንዲት ሴትዮ ጆግ ይዛ በሯ ላይ ቆማለች፤ አጠገቧ ዱካ አለ። ቀና ብላ አየችን። ጆጉን ከፍ አደረገችና፣ ስናልፋት መልሳ ዝቅ አደረገችው። ጋሽ ሚዛን አንገቱ አልዞረም። እኔ በመስታወት አየኋት፤ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

“ማናት?” አልኩት።

“እህቴ ናት።”

“ታዲያ ለምን አልቆምንም?”

“ደህና መኪና ያለው ሰው ምን ብሎ ይቆማል?” አለ።

ከዚያ እስከሚቀጥለው ኩርባ ሁሉንም ነገረኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሁለት መቶ ሜትር ውስጥ አለቀ። አፈርኩ። በሥራዬ አፍሬ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን እጄን ቢቆርጡልኝ ደስ ባለኝ። መሪውን አዞርኩና ተመለስኩ፤ እሱም የት ነው አላለኝም። በሩ ላይ አቁሜ ኮፈኑን ከፈትኩ። እሱ ወርዶ ሲሚንቶው ላይ፣ የለመደው ቦታ ላይ ቆመ።

እህትየው መጥታ መዳፏን ራዲያተሩ ላይ አሳረፈች።

“አልፈላችም” አለች ለኮፈኑ። ድምጿ ቀጥኗል።

ያኔ ነው ዕድሜ ልኬን በመኪና ጉዳይ ያልዋሸሁት ሰውዬ የዋሸሁት። “አዲስ ፓምፕ ገብቶላት ነው እትዬ” አልኩ፣ ሐኪም መስዬ። “አዲስ ፓምፕ ደግሞ ዳገት ከወጣ ማረፍ አለበት። በየቅዳሜው፣ እዚሁ፣ ኮፈኗ ተከፍቶ፣ አንድ ሰዓት።”

ጋሽ ሚዛን አተኩሮ አየኝ። ውስጡ የተቦረቦረ የብረት ክብደት ያመጣ ነጋዴን እንዲህ ነበር የሚያየው መሰለኝ። ሊያሽገኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

“አንድ ሰዓት አይበቃትም” አለች እህትየው። “ድሮ ሁለት ሰዓት ነበር የሚፈጅባት።”

ጋሽ ሚዛን ሰዓቱን አየ። ከዚያ ኮፈኑንም ጎማውንም ትቶ ወደ እሷ ዞረ።

“አንቺ ካልሽ ሁለት ይሁን” አላት።

እሷ ጆጉን ስንዝሯን አሻግራ ዘረጋችለት። መኪናዋ ውሃ ስላላስፈለጋት እሱ ጠጣው።