የሐጃ ዘይነብ ግድግዳ

አዘዞ ጋሪዎች ከሚቆሙበት አጠገብ ሳልፍ፣ የሰኔ ዝናብ የነካው የፋንድያ ሽታ ድንገት ሲመጣ፣ ሌላው ሰው ነጠላውን ወደ አፍንጫው ሲያነሳ እኔ ቆም እላለሁ። ለእኔ ያ ሽታ የካርቱም ሽታ ነው። ያደግንበት ዴም ሰፈር ዝናብ ሊገባ ሲል እንዲህ ይሸት ነበር።

ዴም ከመሃል ከተማው በእግር የሚደረስ አሮጌ ሰፈር ነው። ቤቶቹ ጃሉስ የሚሏቸው፣ ጭቃ በጭቃ ላይ እየተደረበ የቆሙ የዱሮ ቤቶች ነበሩ፤ በመካከላቸው ግን በየዓመቱ አንድ ሁለቱ እየፈረሱ ፎቅ ይበቅልባቸው ነበር። እኛ የተከራየነው ሐጃ ዘይነብ ከሚባሉ፣ ባላቸው ከሞቱባቸው ሱዳናዊት ዘንድ ነበር። አንድ ሰፊ ግቢ ነበራቸው፤ የእኛ ክፍል በሩ ወደ ግቢው ይከፈታል፣ ጀርባው መንገዱን ይዟል፣ መስኮት የለውም። አባዬ ማታ ማታ ዳቦ ቤት ይሠራ ነበር፤ እማዬ አል-ጣኢፍ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር የሰው ቤት ታጸዳ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሐጃ በር ላይ ተቀምጬ አረብኛውን ከአማርኛው አስቀድሜ ተማርኩ።

በብርዱ ወራት ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየተከተልን እንቀመጥ ነበር። ሙቀቱ ሲመጣ አልጋዎቹን አውጥተን ውጭ እናድር ነበር፣ የአቧራው ማዕበል ሀቡብ በተነሳ ቁጥር ደግሞ አልጋውንም ልጁንም እየጎተቱ ወደ ውስጥ መሮጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ኸሪፍ፣ የዝናቡ ወቅት፣ ከመግባቱ በፊት የዚባላ፣ የፋንድያ ልስኑ፣ ጊዜ ይደርሳል። ሐጃ በአህያ ጋሪ ውሃ ከሚያዞሩት ሰዎች ፋንድያ ያስመጡና ከአፈርና ከገለባ ጋር አስቦክተው ግቢው ጥግ ያስቀምጡት ነበር፤ ሽታው ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ከቆየ በኋላ አባዬ ግድግዳውንና ጣሪያውን በእጁ ይለስንበታል። «ካልገማ አይዝም» ይሉ ነበር ሐጃ።

ይህ ነገር እማዬን ያንገሸግሻት ነበር። እሷ ባደገችበት አገር ቤት የሚለቀለቀው በከብት እበት ነው፣ የሚለቀልቁትም ሴቶች ናቸው፤ የአህያ ፋንድያ ከሰው ቤት ግድግዳ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ሊገባት አልቻለም። ይባስ ብሎ የማርያም ሥዕሏን የሰቀለችው በዚያው በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ነበር። «እመቤቴ በጀርባዋ ፋንድያ ተለጥፎባት!» ትል ነበር በየዓመቱ፣ አባዬም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ይለስን ነበር።

አንድ ዓመት ሐጃ ሴት ልጃቸውን ለመጠየቅ መደኒ ከተማ ሄደው ቆዩ። እማዬ ይህን ጊዜ ጠብቃ ከአንድ ወተት ሻጭ ትኩስ እበት አመጣች፣ የእኛን የውጭ ግድግዳ ብቻዋን ለቀለቀችው። አባዬ «እንዴት ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ እንጂ አልከለከላትም፤ ልቅለቃ የሴት ሥራ ነው ብሎ ያደገ ሰው ነው። ግድግዳው ደርቆ እንደ አገር ቤት አውድማ አማረ። ሐጃ ሲመለሱ አዩት፣ በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉትና «ማሻላህ፣ ያምራል» ብለው ቀና አሉና ሰማዩን ተመለከቱ።

ሰማዩን የተመለከቱበት ምክንያት ነበራቸው። ዑስማን የሚባለው ወንድ ልጃቸው ቤቱን ሸጦ እሳቸውን ኦምዱርማን ወደ ራሱ ቤት ሊወስድ ይፈልግ ነበር፤ በየጁምዓው ከሶላት በኋላ ምሳ ሊበላ ሲመጣ የሚያነሳው ይህንኑ ነበር። ሐጃም አንድ ቀን ሲመርራቸው «ወላሂ፣ ከዚህ ቤት አንድ ግድግዳ የወደቀ ቀን የፈለግኸውን አድርግ!» ብለው ማሉለት። ሁላችንም ሰምተናል። ቤቱ ከተሸጠ እኛ ከከተማው ዳር ወዳሉት ካላክላ ወይም ማዮ መውጣታችን ነው፤ አባዬ ከዳቦ ቤቱ፣ እኔ ከትምህርት ቤቴ፣ እማዬም በእግሯ ከምትደርስበት ቤተ ክርስቲያን እንርቃለን።

ዝናቡ በዚያ ዓመት ቶሎ መጣ። እበቱ በመጀመሪያው ዝናብ ተሰነጠቀ፣ በሁለተኛው ረገፈ፣ ከዚያም እርቃኑን የቀረው ጭቃ ውሃውን ይጠጣው ጀመር። አንድ ጁምዓ ጠዋት እማዬ ቡና እንኳ ሳትቀምስ ግድግዳውን እያየች ቆማ ሳለች፣ መሃሉ ወደ መንገዱ ተንዶ ወረደ። እኔ ከአልጋዬ ላይ ሆኜ መንገዱን አየሁት፤ አንድ የቲማቲም ሻጭ ቆሞ እኔን ያየኝ ነበር። እማዬ መሬት ላይ ተቀመጠችና «ቤታችንን በእጄ አፈረስኩት» ብላ አለቀሰች። ሐጃ መጡ፣ የማርያምን ሥዕል ከጭቃው ውስጥ አነሱ፣ በተከናነቡት ቶብ ጫፍ ጠረጉና ለእኔ ሰጡኝ።

ዑስማን ከሶላት ሲመለስ ከአንድ ደላላ ጋር ነበር። ክፍተቱን አየና ፈገግታውን እንደምንም ዋጠው።

«ያ ኡሚ፣ ወደቀ አይደል?»

«ምኑ?» አሉ ሐጃ፣ ሻያቸውን እያማሰሉ።

«ግድግዳው ነዋ!»

«አስፈርሼው ነው። ልጆቹ በሙቀት አለቁ፣ ሹባክ ላስወጣላቸው ነው። ያላ፣ ና ብላ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ።»

ዑስማን ወደ አባዬ ዞረ። አባዬ ሹባክ መስኮት መሆኑን ጠንቅቆ ያውቃል፤ «አይዋ፣ ኢንሻላህ ነገ እንጀምራለን» አለ። ሐጃ ለማይረባው ነገር ሁሉ ወላሂ የሚሉ ሴት ነበሩ፤ ቲማቲም ሲገዙ እንኳ ይምሉ ነበር። ያን ቀን ግን ምሳው እስኪያልቅ አንድም ጊዜ አልማሉም። ይህን ያስተዋልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በማግስቱ አባዬ ግድግዳውን መልሶ መሥራት ጀመረ፣ ከሱቅ ያገለገለ ሰማያዊ መስኮት ገዝቶ ገጠመበት። ፋንድያውን ያቦካችው እማዬ ናት፣ ሻሽዋን አፍንጫዋ ላይ አስራ። ስለ እበቱ ግን ከዚያ በኋላ ከተነሳባት «ዝናቡ ነው፣ የዚያ ዓመት ዝናብ ሌላ ነበር» ትል ነበር። ሐጃ እስኪሞቱ ቤቱ አልተሸጠም፤ ከሞቱ በኋላም ዑስማን ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አልሸጠውም። እኛም ጦርነቱ እስኪያስወጣን ድረስ በዚያው ቆየን፣ አባዬም በየዓመቱ ለሰነ።

አሁን ጎንደር በተከራየነው ቤት ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ መስኮቶቹም ትልልቅ ናቸው፤ ዝናብ ሲመጣ ማንም ቀና ብሎ ግድግዳ አያይም። ባለፈው ሰሞን ወደ ዴም የተመለሰ አንድ የድሮ ጎረቤታችን ደወለልን። በሩ ተነቅሏል አለ፣ የጣሪያው እንጨት ተወስዷል፣ ሰማያዊው መስኮትም የለም፣ ቀዳዳው ብቻ ቀርቷል። እማዬ ስልኩን ከእጄ ተቀበለችኝ።

«ግድግዳውስ?»

«ግድግዳውማ ቆሟል፣ ያ ኡኽቲ።»

ስልኩን መለሰችልኝ። ከዚያ ወደ አባዬ ሳትዞር፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ፣ «ፋንድያው ነው» አለች።

አባዬ ይህን ቃል ሲጠብቅ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። አሁን ግን ተነሥቶ ወደ ትልቁ መስኮት ሄደና ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።