ጥሩዎቹን እንዳይገድል

ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሥር በተከፈተ የግል ክሊኒክ በነርስነት ስቀጠር፣ በመጀመሪያው ቀን የተመደብኩት መርፌ ክፍል ነበር። ኃላፊዋ ሲስተር ዘነበች በየወሩ የሚወጋውን የፔኒሲሊን ዱቄት በጥብጣ አሳየችኝ። በደንብ ካልተበጠበጠ መርፌውን ይደፍናል፤ ቶሎ ከተገፋ ሕመሙ ይብሳል። "ልጁ ሲጮህ እጅሽ ይቸኩላል። ጩኸቱን አትስሚ" አለችኝ። አለመስማትን ለመልመድ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ያኔ አካባቢው ሁሉ ግንባታ ነበር። ሲሚንቶ የጫነ መኪና ሲመላለስ ይውላል፤ ዕጣ የወጣለት ሁሉ ሴራሚክ ያስቆርጣል። ልጅ ቶንሲል በያዘው ቁጥር ወላጅ የሚያማርረው አቧራውን ነው። ትኩሳቱ በረድ ሲል የታዘዘለትን የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ አቁመው፣ የተረፈውን ለታናሹ ብለው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡታል። ይሄ ነገር ደሜን ያፈላው ነበር።

ሰናይት እንደነሱ አልነበረችም። ኦሎምፒያ አንድ ቢሮ ውስጥ ሒሳብ ትሠራለች። አማቷ የልጇ የናሆም እንጥል ይቆረጥ ብለው ቢወተውቷት እምቢ ያለች ሴት ናት። ናሆም ቶንሲሉ ሲመላለስበት ቆይቶ፣ አንደኛ ክፍል በገባ ሰሞን ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ አብጦ መጣ። ዶክተራችን ከቶንሲሉ የመጣው በሽታ ልብ እንደሚጎዳ፣ እንዳያገረሽም መርፌው በየወሩ ለዓመታት መቀጠል እንዳለበት ነገራት። ከዚያ በኋላ ናሆም መንገድ ላይ ሲያየኝ እንኳ ከእናቱ ኋላ ይደበቅ ነበር።

አንድ ቀን ከውጭ ያስመጣችውን የሚመጠጥ ክኒን ይዛ መጣች። ጥሩ ባክቴሪያ አለበት፤ ጉሮሮ ላይ ተቀምጦ መጥፎውን ቦታ ያሳጣዋል ይባላል።

"ሲስተር፣ እስቲ ይሄን እዪልኝ።"

"ቶንሲሉ እንዳይመላለስበት ይረዳው ይሆናል፤ ገና በቅጡ አልተረጋገጠም። መርፌውን ግን አይተካም" አልኳት።

"ኧረ እሱንማ አውቃለሁ!" አለችኝ።

ከዚያ ከመርፌው ቀጠሮ ቀረች። ስደውልላት ቢሮዋ አጠገብ እንደምታስወጋው ነገረችኝ። ያን ክረምት ናሆምን ጉሮሮውን አሞት አያውቅም። ታክሲ ተራ ስታገኘኝ አቅፋ ሳመችኝ፤ እኔም ከልቤ ደስ አለኝ።

ከበዓል በኋላ አዝላው መጣች። ደረጃ መውጣት አቅቶታል፤ ተኝቶ መተንፈስም አልቻለም። ዶክተሩ ደረቱን ደጋግሞ አዳመጠና፣ በሽታው ጉሮሮውን ሳያሳምመው አገርሽቶ የልቡን ቫልቭ እንደጎዳው ነገራት።

"መርፌውን የት ነበር የምታስወጊው?" አልኳት።

"የትም።"

"ምነው ሰናይት?"

"አንቲባዮቲክ ጥሩውንም ባክቴሪያ ይገድላል የሚል አነበብኩ። መርፌው ጥሩዎቹን እንዳይገድልብኝ ብዬ ነው፤ ደግሞ እኮ ተሽሎት ነበር" አለችኝ።

ያነበበችው ውሸት አልነበረም።

ወደ ሆስፒታል ከመላኩ በፊት የደም ሥሩን ፈልጌ መርፌ አስገባሁለት። አልጮኸም። ለመጮህ የሚበቃ ትንፋሽ አልነበረውም። የቀዶ ጥገና ወረፋው ሳይደርሰው ሞተ።

ዛሬ እኔም መርፌ ክፍል ለሚገቡ አዲስ ነርሶች በጥብጬ አሳያለሁ። ጩኸቱን አትስሙ አልላቸውም። እናት አዲስ ነገር ይዛ ስትመጣ ግን፣ ለእሱ ብላ ምን እንዳቆመች ጠይቋት እላቸዋለሁ።