አንዲት ሰዓት ለሼምቶብ

በቱርኮች ዘመን በሰሎኒካ የአይሁድ ሰፈር ሰው ሲሞት የሚጠሩት ኦሮቪዳን ነበር። ሙሾ ማውረድ ከእናቷ የወረሰችው መተዳደሪያዋ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሟቹን ሙያ፣ ደግነቱን፣ አረማመዱን ሳይቀር እየጠራች ስንቱን አስለቅሳለች። ባሏ ከሞተ በኋላ አንድ ልጇን ሼምቶብን ያሳደገችውና ሱፍ ቀለም ለመንከር ሙያ ያበቃችው በዚሁ ሥራ ነው።

አይሁድ ሲጠብቁት የኖሩት መሲሕ በኢዝሚር ከተማ ተነሣ የተባለ ጊዜ ግን ሥራዋን ተወች።

"ሙታን ሊነሡ ነው፤ ከእንግዲህ ለማን ነው የማለቅሰው?" አለች።

"እንግዲያው ነይና ሽንኩርት ላጪልኝ፤ ዕንባሽ ሥራ እንዳይፈታ" ብላ ቀለደችባት ጎረቤቷ ካዴን።

በክረምቱ ዝናብ ፈንታ ያን ዓመት የዘነበው ወሬ ነበር። በበጋ ደግሞ ከመሲሑ ደብዳቤ መጣ፤ ቤተ መቅደስ የፈረሰበት ቀን የሐዘን ጾም ቀርቶ በዓል ይሁን የሚል። በዚያ ቀን እናትና ልጅ እንደ ሰፈሩ ሁሉ የበግ ሥጋ በሉ። በማግስቱ ሼምቶብን ትኩሳት ጣለው። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ካዴን ደረቷን እየደቃች ስትገባ ኦሮቪዳ እጇን ያዘቻት።

"ተይ እህቴ። ለጥቂት ጊዜ ነው የተኛው።"

"ልጅሽ እኮ ነው።"

"ልጄ ስለሆነማ ነው። ዛሬ ባለቅስለት፣ ሲነሣ እናቴ አላመነችም አይለኝም?"

የሐዘንተኛ ሕግ እንደሚያዘው ልብሷን አልቀደደችም። ሰባቱን የሐዘን ቀን መሬት አልተቀመጠችም። ቀባሪዎቹንም የለመነቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲነሣ እንዳይከብደው ድንጋይ እንዳይጭኑበት።

አርባ ቀን ያህል ቆይቶ ሱልጣኑ ከሚቀመጥባት ከኤዲርኔ የተመለሱ ነጋዴዎች የመሲሑን ነገር አወሩ። ሱልጣኑ ፊት ቀርቦ፣ ጥምጥም ጠምጥሞ፣ ሰልሞ ወጥቷል። ምሥጢር አለው ያሉ ነበሩ። ኦሮቪዳ አልተከራከረችም። ነጠላ ጫማዋን አድርጋ የሰፈሩ መምህር ረቢ ዮምቶብ ዘንድ ሄደች።

"መምህር፣ ሰባት ቀኔን ይስጡኝ።"

"ሠላሳው ቀን ካለፈ ሰባት የለም፣ ኦሮቪዳ። ስንት ሐዘን ቤት የተቀመጥሽ ሴት ሕጉን ታውቂያለሽ።"

"መሞቱን የሰማሁት ዛሬ ነው።"

"ቀብረሽዋል እኮ።"

"የቀበርኩት የተኛ ልጅ ነው።"

ረቢው የሕግ መጽሐፋቸውን ገለጡ።

"ዘመዱ ሩቅ አገር የሞተበት ሰው መርዶው ሲዘገይበት አንዲት ሰዓት ይቀመጣል" አሉ በመጨረሻ። "እሷን ልስጥሽ። ከዚያ በላይ እጄ ላይ የለም።" ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፣ "እኔም ያን ቀን ሥጋ በልቻለሁ፣ ልጄ" አሉ።

ኦሮቪዳ ቤቷ ገብታ ጫማዋን አውልቃ መሬት ተቀመጠች። ካዴን የሐዘንተኛ ምግብ፣ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል፣ ይዛ መጣች፤ ሁለት ጎረቤቶችም ተከተሏት። ሙሾ የምታወርድላቸው እሷ፣ ሐዘንተኛዋም እሷ ሆነችባቸው። ሰዓቷ እየሮጠች ነው። ካዴን ጭንቅ ሲላት ጀመረች፦

"ቁመቱ እንደ ዝግባ..."

"አጭር ነበር" አለች ኦሮቪዳ።

"ምን?"

"ሼምቶብ አጭር ነበር። መጋረጃ ሲሰቅል በርጩማ ላይ ነው የሚወጣው።"

"ታዲያ ምን ልበል?"

"እጁን በይ። ቀለሙ እስከ ክርኑ ነበር። ስንት ሳሙና ጨረስኩ፤ ሰማያዊው እንቢ አለ። በሰንበት ሰው ሲመጣ እጁን ጠረጴዛ ሥር ይደብቀው ነበር።"

ካዴን፣ "እጁ ሰማያዊ..." ብላ ዜማው ጠፋባት። ኦሮቪዳ ተቀበለቻት። ስንኙን ሳትጨርሰው ድምፅዋ ተሰበረ፤ አርባ ቀን የተያዘው ዕንባ ወጣ። ሴቶቹም አብረዋት አለቀሱ።

ከመስጊዱ የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ጥሪ ሲሰማ ሰዓቷ አበቃች። ካዴን ይህን ብታውቅም ለመናገር ልቧ እንቢ አላት። ኦሮቪዳ ግን ፊቷን በክንዷ ጠርጋ በራሷ ተነሣች፤ ጫማዋንም አጠለቀች።

"ይህችንም የሰጠ ይመስገን" አለች።

ካዴን እንቁላሉን ልጣ ሰጠቻት። ቆማ በላችው።