ጓያ የሰበረው እንድሪስ

እንድሪስ ሰይድ የደላንታ ገበሬ ነበር። በልጅነቱ የበልግ ዝናብ በየካቲት ይመጣ ነበር፤ ጎረምሳ ሲሆን በመጋቢት፣ ሚስት ሲያገባ በሚያዝያ። በ1976 ጭራሽ ቀረ። ክረምቱም ሳይጠና ወጣ። ስንዴው ደረቀ፣ ምስሩ ደረቀ፤ በተረፈችው እርጥበት የበቀለው ጓያ ብቻ ነበር።

እንድሪስና ሚስቱ ዘኪያ አራት ወር ጓያ በሉ። ጠዋት ቂጣ፣ ቀን ንፍሮ፣ ማታ ሽሮ። ጓያ ያዘወተረ ሰው እግሩ እንደሚሰበር አገሩ ሁሉ ያውቃል። የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው ስለሚባል ግን እንድሪስ ድስቱ ሲከፈት ፊቱን ያዞር ነበር።

አንድ ጠዋት አህያውን ሊያመጣ ሲነሣ ጉልበቱ እምቢ አለው። አላመመውም። ተረከዙ መሬት አልነካ አለ፤ ሲራመድ እግሮቹ እርስ በርሳቸው ይጠላለፋሉ። ዘኪያ ምንም አልሆነችም። ለምን እንደሆነ የነገራቸው ሰው የለም።

የዘኪያ ወንድም ሙደሲር መርካቶ እህል በረንዳ ተሸካሚ ነበር። «ሥራ ሞልቷል፣ ጀርባህን ይዘህ ና» ብሎ ከላከበት ሰንብቷል። እንድሪስ በሁለት ዱላ ተደግፎ ከዘኪያ ጋር ደረሰ። ሙደሲር ከላይ እስከ ታች አየው።

«ለሸክም ነው የመጣኸው?»

«አንተ ነህ የጠራኸኝ።»

«እሱስ አዎ።»

የእህል ነጋዴው ጋሼ ጓንጉል ጆንያ እንዲሰፋ ወሰዱት። «ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ተነሥቶ አይሄድብኝም» አሉ። መርፌና ሲባጎ ሰጡት። እጁ ደህና ስለነበር ጥሩ ሰፊ ወጣው።

በዚያ ዓመት እህል በኬላ ማለፍ አቅቶት ገበያው ሳስቶ ነበር። አንድ ቀን ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ለተሸካሚዎች ምግብ የሚሸጡት እትዬ ሸዋገነት የአተር ክክ ሊገዙ መጡ። እንድሪስ የጆንያውን አፍ ሊሰፋ ሲል ክኩን አየው። የአተር ክክ ክብ ነው። ከመካከሉ ግን ጠርዝ ያለው፣ እንደ መጥረቢያ የሾለ ሞልቶበታል።

«እትዬ፣ ይሄ ጓያ አለበት» አላቸው፤ በእጁም ለይቶ አሳያቸው።

«ጥቂት ናት» አሉ ጋሼ ጓንጉል። «ጥቂት ጓያ ማንንም አይጎዳም።»

«እውነት ነው። ጥቂቱ እኔንም አልጎዳኝም። የእትዬ ደንበኞች ግን በየቀኑ ነው የሚበሉት።»

እትዬ ሸዋገነት እግሩን አዩ። «ይሄን ያደረገህ እሱ ነው?»

«አዎ።»

ባዶ ዘንቢላቸውን አንሥተው ወጡ። ጋሼ ጓንጉል «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» አሉት። «እሺ» አለና የያዘውን ጆንያ ሰፍቶ ጨረሰ።

ዘኪያ ያኔ እርጉዝ ነበረች። ነገሩን ነገራት። «ባትነግራቸው ኖሮ ዛሬ እዚህ ቤት አትገባም ነበር» አለችው።

በማግስቱ በረንዳው መግቢያ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ለመጣው ሁሉ መስፋት ጀመረ። እትዬ ሸዋገነት ለጎረቤቶቻቸው አውርተው ኖሮ፣ ሴቶች እፍኝ ክክ እየያዙ «እስቲ እይልኝ» ይሉት ጀመር። ከጓያ ሌላ መግዣ ለሌላት «አሳድረሽ ዘፍዝፊው፣ ውሃውን ድፊ፣ ከሌላ እህል ቀላቅይ፣ አታዘውትሪ» ይላል። ማን እንዳስተማረው ሲጠየቅ «ደላንታ ያለች አንዲት ባልቴት። እግሯ ደህና ነው» ይላል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጋሼ ጓንጉል መጡ።

«ገዢው ሁሉ ‹እንድሪስ አይቶታል ወይ?› ይለኛል።»

«አላየሁትም።»

«ችግሩ እሱ ነው እኮ። ና እይ።»

ጓያው ለብቻው ጆንያ ገባ፤ እንድሪስም ወደ ቦታው ተመለሰ። ሙደሲር ሐኪም ቤት ወሰደው። ሐኪሙ «አይድንም፤ ጓያውን ከተውክ ግን አይብስም» አለው። እንድሪስ ግማሹን ምሥራች አድርጎ ወሰደው።

በ1978 ደላንታ ዘነበ ተባለ። ዘኪያ እንመለስ ወይ ብላ ጠየቀችው። እርሻ ቆሞ የሚሠራ ሥራ ነውና እዚያው መርካቶ ቀሩ። ልጃቸው ሀጅራ በአሥራ አንድ ወሯ፣ በጆንያዎቹ መካከል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ለቃ ሄደች። እንድሪስ መርፌውን አስቀምጦ ጋሼ ጓንጉልን ጠራቸው።

«ልጅ ሁሉ ይሄዳል» አሉት።

«አዎ» አለ። እሷ ደክሟት እስክትቀመጥ ድረስ ግን መርፌውን አላነሣም።