በብርቄ ስም

ባለፈው እሑድ ልጄ ኢክራም ስልኬን ተቀብላኝ አጠገቤ ቁጭ አለች። የዘመድ ወሬ ሁሉ አሁን በቴሌግራም ሆኗል፣ አንቺ ብቻ ቀረሽ ብላ ልታስገባኝ ነው። ምሳ በልተን ሳህኑ ገና አልተነሳም፤ ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጥቂት ነካካችና «እማ፣ ስምሽን ምን ልበለው?» አለችኝ።

«ስሜን ረሳሽው?» አልኳት።

«የመታወቂያውን አይደለም። ይሄ ሰው ፈልጎ የሚያገኝሽ በሱ ነው። ደስ ያለሽን መሆን ትችያለሽ።»

ከዚያ ሰው ለራሱ ስም እንዴት እንዴት እያለ እንደሚያወጣ ታጫውተኝ ጀመር። የጎረቤታችን ልጅ የሚወደውን የኳስ ተጫዋች ስም ከነማልያ ቁጥሩ ወስዷል። የአጎቷ ልጅ እናቷ በቁልምጫ የምትጠራትን ይዛ የተወለደችበትን ዓመት ለጥፋበታለች። አንዱ ገና ያልከፈተውን ሱቅ ስም ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ብሎ ይዞ ተቀምጧል። ብስራተ ገብርኤል ያለችው የስፌት ደንበኛዬ ደግሞ የሞተ ባሏን ስም ነው ያደረገችው፤ በየቀኑ ሰው ሲጠራው እንድትሰማ ይሁን ሌላ፣ እንጃ። ከኢክራም ጋር የተማረች አንዲት ልጅ «ዝምታ» ነው የምትባለው። ለምን ብላት፣ ወሬ ስለማትጨርስ ነዋ አለችኝና ሳቅን።

በመጨረሻ የኔኑ ስም፣ ሸምሲያ ብላ በፈረንጅ ፊደል ጻፈችና ከንፈሯን መጠጠች። «ተይዟል» አለች።

«ማን ያዘው?»

«ሌላ ሸምሲያ ናታ። ቁጥር እንጨምርበት፣ ካልሆነ ሌላ ስም እናውጣልሽ።»

ነገሩ ቀላል ነበር። እኔ ግን ስልኩን ተቀበልኳትና ቆይ፣ ነገ እናደርገዋለን አልኩ።

እናት ፈሪ ናት ይባላል፤ እኔ ደግሞ ከፈሪም ፈሪ ነኝ። ባለፈው ወር የኢክራም ስልክ ተዘግቶ እስከ መግሪብ ሳትመጣ ስትቀር ጓደኞቿን ልጠይቅ ነጠላዬን ይዤ ተነሳሁና በሩ ላይ ቆምኩ። ዝምታ የማን ልጅ ናት? ሰፈሯ የት ነው? ከልጄ ጋር የሚውለው ሰው ሁሉ ለኔ ስምም ደጃፍም የለውም። ይባስ ብሎ እሷ ራሷ በነሱ ዘንድ ማን እንደምትባል አላውቅም። ታክሲ አጥታ ነው፤ መጣች፣ እራቷን በላች፣ አለቀ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በመሸ ቁጥር በር በሩን አያለሁ። ይሄ ፍርሃት ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ።

ነፋስ ስልክ የገባሁት በደርግ ጊዜ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከስልጤ አገር ቆጮ እየጫነች መርካቶ የምትሸጥ ያገራችን ሴት ናት ይዛኝ መጥታ እትዬ አስካለ ቤት ያስገባችኝ። እትዬ አስካለ ባላቸው የሞተባቸው፣ ክር ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠሩ ሴት ነበሩ። ሁለት ትንንሽ ልጆች ነበሯቸውና እነሱን እንድጠብቅ ነው የተቀጠርኩት። ያመጣችኝ ሴት አስገብታኝ ሄደች፤ ሁለተኛ አላየኋትም።

በገባሁበት ቀን እግሬን የምታጠብበት ውኃ አቀረቡልኝና ስሜን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አንዴ በአፋቸው አንከባለሉትና ተዉት። «ካንቺ በፊት የነበረችው ብርቄ ነበር የምትባለው፤ የልጆቹም አፍ ለምዷል። አንቺም ብርቄ ትሆኛለሽ» አሉኝ። በክፋት አልነበረም። ብርቄ ጥላው የሄደችውን የፕላስቲክ ጫማም ሰጡኝ፤ ትንሽ ሰፋኝ እንጂ ደህና ነበር። ስሙንም እንደ ጫማው አጠለቅሁት። ያኔ ልማዱ እንደዚያ ነበር። ከኛ ማዶ ያሉት ሰዎች ቤት ሦስት ልጆች ተራ በተራ ገብተው ሦስቱም አበባ ተብለዋል። የሚያስገርመን አልነበረም፤ አዲስ አበባ የገባ ሰው የሚሆነው ነገር ይመስለን ነበር።

ሌላም ምክንያት እንዳለው የገባኝ ቆይቶ ነው። ስኳሩም ሳሙናውም ዘይቱም የሚገኘው ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ፣ በቤተሰብ ቁጥር ነው። አዲስ ሰው ለማስመዝገብ ከመጣበት ገበሬ ማኅበር መሸኛ ያስፈልጋል፤ እኔ መሸኛ የለኝም። ብርቄ ደግሞ ትሂድ እንጂ ከመዝገቡ አልተሰረዘችም። እኔ በሷ መስመር ላይ ገባሁ። ማንም ቢጠይቅሽ ብርቄ ወልዴ ነኝ በይ ተባልኩ። አባቴ በድሩ በሕይወት እያለልኝ ወልዴ የሚባል አባት ወጣልኝ።

ሰው ምን የማይለምደው አለ። መጀመሪያ ሲጠሩኝ ዞር ብዬ ሌላ ሰው እፈልግ ነበር፤ ጥቂት ወር ሳይሞላ ሳልጠራም አቤት የምል ሆንኩ። መሠረተ ትምህርት ስገባ መምህሩ የየራሳችንን ስም ጽፎ ሰጥቶን እሱን እያየን ስንገለብጥ ነበር የጀመርነው። በሕይወቴ መጀመሪያ የጻፍኩት ቃል ብርቄ ነው። ደስ ብሎኝ ደብተሩን ለልጆቹ አሳየኋቸው። ሸምሲያ የምትወጣው ልብስ ሳጥብ፣ ብቻዬን ስሆን ነበር፤ እናቴ እንዴት እንደምትጠራኝ በሆዴ እሰማና ደግሞ ቶሎ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ከመጣሁ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ቀበሌ ስብሰባ ተጠርቶ፣ በሌለ ሰው ስም ራሽን የሚወስድ ሰው ከተገኘ እርምጃ ይወሰድበታል ተባለ። እርምጃ የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ምን ያህል እንደሚከብድ ዕድሜው የደረሰ ያውቀዋል። እትዬ አስካለ ከስብሰባው ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል። ያለወትሯቸው እጄን ይዘው፣ በኔም በልጆቼም ሕይወት እንዳትቀልጂ፣ ማን ነሽ ብትባዪ አትደናገሪ አሉኝ።

ሳምንት ያህል ቆይቶ ስኳር መጣ ተባለ። በማለዳ ሄጄ ቅርጫቴን ሰው ወረፋ በያዘበት ድንጋይና ቆርቆሮ መሃል አስቀመጥኩ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ከሱቁ ጥግ በቆሎ እሸት የምትጠብስ ሴት ነበረች፤ ሽታው ቁርስ ያልበላ ሰው ያሰቃያል። ረፋዱ ላይ የቀበሌው ጥበቃ ጋሽ ደምሴ ያንን አሮጌ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ።

«እናንተ» አለ፣ «ሸምሲያ የምትባል የስልጤ ልጅ የምታውቁ አላችሁ? አባቷ መጥተው፣ ሰፈሩን እንጂ ቤቱን ስለማያውቁ መዝገቡን አስገልብጠው የለችም ተብለው ሄዱ። እናቷ በጣም ታማለች አሉ። ሳላያት አልሞትም ብላ ነው የላከቻቸው።»

አንዲት ሴት ከፊቴ፣ «የስልጤን ልጅ ሁሉ ስትጠይቅ ስኳሩ ያልቃል፤ አንተ ተራውን አስከብር» አለችውና ወረፋው ሳቀ። ጋሽ ደምሴም ሳቀ። አነጋገሬን ያውቀው ነበርና ዓይኑ እኔ ላይ ዐረፈ።

«ብርቄ፣ ያገርሽ ልጅ ናት። አታውቂያትም?»

«አላውቃትም» አልኩ።

ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እሱም፣ መካኒሳ በኩል ያገራቸው ሰዎች አሉ ብሏቸው ሽማግሌው ወደዚያ እንደሄዱ፣ ካላገኟትም ከሰዓት በኋላ ባለው አውቶቡስ አገራቸው እንደሚገቡ ለሴቶቹ ነገራቸውና አለፈ። እኔ ከወረፋው አልወጣሁም። ተራዬ እስኪደርስ ጠበቅሁ። እስከ ዛሬ ለራሴ ማስረዳት የሚያቅተኝ ይሄ ነው። አባቴ እዚያው አቅራቢያ በጭቃ ውስጥ ይዞራል፣ እናቴ ትጠብቀኛለች፣ እኔ ስኳር እጠብቃለሁ። ደረሰኝ፤ ጸሐፊው ብርቄ የሚለው ላይ ምልክት አደረገ፤ ይዤ ሄድኩ።

እትዬ አስካለ የሌሊት ፈረቃ ሠርተው ነበርና ቤት ናቸው፤ ምስር ይለቅማሉ። ስኳሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቆምኩ። ምን ሆንሽ አሉኝ። የሰማሁትን ነገርኳቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ሰፌዱን ከጭናቸው አወረዱ።

«ታዲያ ምን አልሽ?»

«አላውቃትም አልኩ። ብርቄ ነኝ በይ ብለውኝ ነዋ።»

ተነስተው ነጠላቸውን ለበሱ፣ ልጆቹን ለጎረቤት ሰጡ፣ ነይ አሉኝና ወጣን።

መካኒሳ ያኔ ገጠር ነበር ማለት ይቻላል። የጤፍ ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ በመንገዱ የሚነዱ የወተት ላሞች። እትዬ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፣ ያገኙትን ሰው አንድ የገጠር ሽማግሌ አላያችሁም ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። መንገዱ ሁሉ የገጠር ሽማግሌ ነው፤ ማን ያውቃል። አንድ አህያ የሚነዳ ሰው ቆመና የማንን ሽማግሌ ነው አለ። እትዬ ዞር ብለው አዩኝ። ከኋላችን ከወረፋው የሚመለሱ ሁለት የሰፈራችን ሴቶች ስኳራቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። አይተዋቸዋል፤ እኔም ማየታቸውን አይቻለሁ።

«የሸምሲያን አባት» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ።

በዚያ ሰፈር ስሜን ከሰው አፍ ለራሴ ተብሎ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ አቦ ቤተ ክርስቲያን ድረስ በየደጁ፣ በየጉልቱ እንደዚያው እያሉ ጠየቁ። አንዴም ብርቄ አላሉኝም። ሁለቱ ሴቶች ምን እንደሚያወሩ፣ ወሬው ቀበሌ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ሁለታችንም እናውቃለን፤ እሳቸው ግን እርምጃቸውን አላዘገዩም።

አባቴን ያገኘነው ወፍጮ ቤት ደጃፍ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው። ጫማው በጭቃ እንዳያልቅበት አውልቆ ጭኑ ላይ ይዞታል። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ከጎኑ አለ። ወደኛ አየ፤ አላወቀኝም። አድጌያለሁ፣ ጸጉሬ እንደ ከተማ ልጅ ተሠርቷል። እትዬ አስካለ ትከሻዬን ይዘው ወደፊት ገፋ አደረጉኝ።

«አባቴ፣ ሸምሲያ ይቻት» አሉት።

ጫማው ከጭኑ ወደቀ። በቋንቋችን፣ መዝገቡ የለችም ሲለኝ ሞታ ይሆናል ብዬ ነበር አለኝ። «ለእናትሽ ምን እንደምላት እያሰብኩ ነው የተቀመጥኩት» አለ። በወረፋው ላይ ያልኩትን አልነገርኩትም። እስከ ሞተበት ቀን አልነገርኩትም።

ልብሴን ልወስድ ወደ ቤት ተመለስን። እትዬ አስካለ የዕለቱን ስኳር እኩሉን በወረቀት ጠቅልለው ለእናትሽ አሉኝ። አባቴ ደጅ ቆሟል። ልወጣ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝና ጠየቅኋቸው፤ «እትዬ፣ ብርቄስ አገሯ ማን ነበር የምትባለው?»

እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። «ነግራኝ ነበር» አሉ። «አልያዝኩትም።»

እናቴ ጋ ደረስኩ። ጎጆው ውስጥ በተጎዘጎዘ ሳር ላይ ተኝታ ነበር፤ እስከ ኅዳር ቆየችልኝ። ውኃ አምጪ ስትል እንኳ ስሜን ሳትጨምር አትልም ነበር። ከገበሬ ማኅበሩ መሸኛ ይዤ ስመለስ እትዬ አስካለ ቀበሌ ተጠርተው እንደነበር ሰማሁ። ለጥቂት ወራት ከነልጆቻቸው ራሽን ተከልክለዋል፤ የተናገሩኝ ነገር ግን የለም። ጋሽ ደምሴ መሸኛውን ሲያይ፣ «ያቺ የማታውቂያት ልጅ መጣች?» ብሎ ቀለደብኝ። መዝገቡ ላይ ብርቄን ሰርዘው ሸምሲያ በድሩ ብለው ጻፉ። ሲሰርዟት ቆሜ አየሁ። ያን ጊዜ የኔ ስም መግባቱ ብቻ ነው ደስ ያሰኘኝ።

አሁን በዚህ ዕድሜዬ የማስበው ስለሷ ነው። በዚያ ዓመት አንድ አባት የሷን እውነተኛ ስም ይዞ መጥቶ ይሆን? መጥቶ ከሆነ መዝገቡ የለችም ብሎታል። ብርቄ መባሏን ሰምቶ መጥቶ ከሆነ ደግሞ ያቻት ብለው የሚያሳዩት እኔን ነበር፤ እኔም አቤት እል ነበር።

ሰው ለራሱ ስም ማውጣቱን አልጠላም። ኢክራም እንደምትለው ደስ ያለውን መሆን ለሰው ዕረፍት ነው፤ እኔ በሷ ዕድሜ ማንም ምን መሆን ትፈልጊያለሽ ብሎ አልጠየቀኝም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ሰኞ ከሥራ ስትመለስ አስቀመጥኳትና ለአባቴ ያልነገርኩትን ሁሉ ነገርኳት። ስልኳን ሳትነካ ሰማችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት፤ ጓደኞችሽ የሚያውቁሽ ማን ብለው ነው?

አፈረች። ግን ነገረችኝ። ለምን ያንን እንደመረጠችም ነገረችኝ፤ ያልጠበቅሁት ምክንያት ነው፣ እዚህ አልጽፈውም፣ የሷ ነው። ወረቀት አምጥቼ ፊደል በፊደል እየጠየቅኋት ጻፍኩት። እጄ ቀስ ስለሚል እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እማ፣ ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ።

ለማንም አልናገርም። ግን ደጅ ለደጅ መጠየቅ ያለብኝ ቀን ከመጣ፣ ማን ብዬ እንደምጠይቅ አውቃለሁ።