በኪት መኪና ላይ የተተከለው አንቴና

ክሌም ፓስኮ ዊራቢን በምትባል ደረቅ የበግ አርቢዎች ከተማ መኪና ላይ ሬዲዮ የሚገጥም ባለሙያ ነው። እዚያ ስልክ አይሠራም። ከበግ አርቢው እስከ መንገድ ጠራጊው ግሬደር ነጂ ሁሉም መኪናው ላይ የመነጋገሪያ ሬዲዮ አለው፤ አብዛኛውንም የገጠመው ክሌም ነው። ማን እንደታመመ፣ ማን ከማን እንደተለያየ አገሩ የሚሰማው በዚሁ ሬዲዮ ነው። ክሌም ራሱ ግን ወሬ አይወድም። ሰው ፊት አንድ ቃል ለማውጣት ምጥ ይይዘዋል፤ መኪና ውስጥ አጎንብሶ ሥራ ከጀመረ ግን ከብሎኑም ከሽቦውም ጋር ሲያወራ ይውላል።

ኪት ወንድሙ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ የአባታቸውን በጎች ያረባል። ሁለቱ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። ጠቡ የተነሳው ክሌም የኪትን አዲስ ፒክአፕ ጣሪያ መሃል ለመሃል በስቶ አንቴና የተከለ ዕለት ነው። አንቴና ከሩቅ የሚሰማው ጣሪያ መሃል ሲቆም ስለሆነ፣ ክሌም ባለቤቱን መጠየቅ አላስፈለገውም። ዝናብ ብርቅ በሆነበት አገር በዚያው ሳምንት ዘነበና ጣሪያው ኪት ጭን ላይ አፈሰሰ። ኪት ስለ ወንድሙ የሚያስበውን ሁሉ፣ አገር እየሰማ፣ በሬዲዮ ዘረገፈው። ክሌምም ሰማ። እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠም።

በዊራቢን ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱ አርቢ ወደ ዝናብ መለኪያው ነድቶ ይሄድና ያየውን ከመኪናው ሆኖ ለሌሎቹ ይናገራል። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል፣ የሚባለው «የለም» ነው። ቢሆንም ማንም ሳይናገር አይውልም። ክሌም ሻዩን ቀድቶ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ካለው ሬዲዮ አጠገብ ቆሞ ይሰማል። አንድ ሰሞን ግን የኪት «የለም» ጠፋ።

ከዚያ የኪት ሚስት ግሌኒስ ፒክአፑን ይዛ ከተፍ አለች።

«ሬዲዮው ሞቷል» አለችው።

«እሱስ?»

«እሱማ አለ። ኩርፊያ መች ሰው ይገድላል? ልቡ ነው እንጂ ያስቸገረው። ሐኪሙ ብቻህን አትሂድ ቢለው የበጎቹን የውሃ ገንዳ ልይ ብሎ ብቻውን ይሄዳል። ቤት ያለችው ትንሿ ሬዲዮ ትሰማለች እንጂ ከኮረብታው ወዲያ አትደርስም። እዚያ ማዶ ቢወድቅ ማን ይሰማዋል፣ ክሌም?»

ክሌም ጎማውን አየ። «እኔ ጋ እንዳመጣሽው ያውቃል?»

«ፖርት ኦገስታ ከተማ ድረስ ውሰጂው ነው ያለኝ። መንገድ ተሳሳትኩ» ብላ ቁልፉን ሰጥታው ወደ ሱቅ ሄደች።

ክሌም በሩን ከፈተ። ኪት አንቴናውን ከጣሪያው ነቅሎ ከፊት ባለው የካንጋሮ ግጭት መከላከያ ብረት ላይ አስሮታል፤ ሽቦውን ደግሞ በበሩ አሳልፎታል። በሩ በተዘጋ ቁጥር ሽቦውን ሲቀጠቅጠው ኖሮ በመጨረሻ በጥሶታል። የጣሪያው ቀዳዳ በቢራ ቆርኪና በማጣበቂያ ተደፍኗል። ክሌም ቆርኪውን ረጅም ጊዜ አየው።

አዲስ ሽቦ በሞተሩ በኩል አሳለፈ፤ የመከላከያ ብረቱን ቀለም ፍቆ አዲሱን አንቴና እዚያው አጠበቀና ሬዲዮውን ከፈተ። ማይኩን ወንበሩ ላይ ጣል አደረገው። የቀረው ሽቦውን ከታች ማሰር ብቻ ስለነበር ወንበሩ ላይ ተንበረከከ። የማይኩ መናገሪያ ቁልፍ ጉልበቱ ሥር ገባ። ያ ቁልፍ እንደተጫነ ከቆየ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ሁሉ ይሰማል፤ ማንም መሃል መግባት አይችልም። ሥራው ደግሞ ጥሩ ሥራ ነበር። አገሩ በሙሉ ጥርት አድርጎ ሰማው።

«ሽቦ በበር የሚያሳልፍ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለ ክሌም ለወንበሩ። «በግ እንኳ አያደርገውም። ቆርኪም ለጠፍክበት... እሺ፣ ሳልጠይቅህ መብሳቴ ጥፋቱ የኔ ነው። ቦታው ግን ትክክል ነበር። አንተ ያልከኝንም አልረሳሁትም። ግን ጠዋት ጠዋት ያንተን ‹የለም› ሳልሰማ ሻይ አይወርድልኝም፤ ታውቃለህ? አታውቅም። ይሄን ሰሞን ሁሉ ሻዬን እየደፋሁት ነው። ሞተህ ይሆናል ብዬ... የት ሄደ ይሄ ብሎን? ሞተህ ቢሆን ደግሞ እኔ ምን እሆናለሁ? ሌላ ወንድም የለኝም።»

ብሎኑን አገኘውና ተነሳ። ጉልበቱ ከማይኩ ላይ ሲነሳ ሬዲዮው ትንሽ እሽሽ አለ።

«ክሌም» አለ ከሬዲዮው የሴት ድምፅ። «ቬርና ነኝ፣ ከማደያው። ሬዲዮው ይሠራል።»

«በኛም በኩል ጥርት ብሏል» አለ ግሬደር ነጂው።

ክሌም ማይኩን አነሳ፣ ገልብጦ አየው፣ ቦታው ሰቀለው። ግሌኒስ ዓይኗ ቀልቶ ከሱቅ ተመለሰች። ሱቁም ሬዲዮ አለው።

«አለቀ?» አለችው።

«አለቀ።»

ቁልፉን ተቀብላው ወደ ቤቷ ነዳች።

በማግስቱ ጠዋት ክሌም እንደ ወትሮው ሻዩን ቀድቶ ቆመ። አርቢዎቹ ተራ በተራ «የለም» አሉ። የኪት ተራ ሲደርስ ማንም አልገባበትም።

«የለም» አለ ኪት። ጉሮሮውን ጠረገ። «አንተ ጋስ፣ ክሌም?»

የክሌም የዝናብ መለኪያ ጓሮው ውስጥ ነው፤ ገና አላየውም። ማይኩን አነሳ።

«እዚህም የለም።»

«በል ሻይህን ጠጣ» አለው ኪት።